ዓይን ብየዳን አይለምድም

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጎንደር ነው። ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ላይ ትንሽ የብረታ ብረት ቤት አለችኝ። የግቢ በር፣ መስኮት፣ አልጋ፣ የውሃ ታንከር ማስቀመጫ፣ የተገኘውን ሁሉ እንሠራለን። ዘንድሮ ትምህርት ሲዘጋ የእህቴን ልጅ ወደ ሥራው አስገባሁት። 17 ዓመቱ ነው። እጁ ጥሩ ነው፤ ሥራውንም ወዶታል። ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ሙሉ እኔ ስበይድ ብረት ሲይዝልኝ ዋለ። የብየዳ ማስክ ያለኝ አንድ ነው። እሱ ፊቱን ዞር እያደረገ ነበር የሚይዘው። ማታ ራቱን በልቶ በሰላም ተኛ። ሌሊት ግን ‹ዓይኔ ውስጥ አሸዋ ገባ› እያለ ሲጮህ አደረ። እናቱ ድንች ቆርጣ አሰረችለት። በሦስተኛው ቀን ተሻለው። እህቴ ግን ‹ልጄን ልታሳውርብኝ ነው› ብላ ተቆጣች፤ እስከዛሬ አኩርፋኛለች። እኔም ሙያውን ስለምድ ስንቴ እንዲህ ሆኛለሁ። ያስተማሩኝ ሰውዬ ‹ዓይን ይለምደዋል› ነበር የሚሉኝ። እውነት ይለምዳል? ጥፋተኛ ነኝ? ልጁ መመለስ ይፈልጋል። አቅሜ ትንሽ ስለሆነ ሁሉን ልግዛ ብል አልችልም። ከየት ልጀምር?»
አጎት ነኝ፣ ከጎንደር

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጤና ይስጥልኝ። ልጁን እንኳን ማረልዎት። መጠየቅዎ በጣም ደስ አሰኝቶኛል። ብዙ ሰው «ሥራው እንዲህ ነው» ብሎ ያልፈዋልና።

ዓይን ብየዳን አይለምድም። ያስተማሩዎት ሰው ክፉ አስበው አልተናገሩትም፤ እሳቸውም ሲነገራቸው የሰሙትን ነው ያስተላለፉት። ግን ትክክል አይደለም። የሚለምደው ሰውየው ነው። ሕመሙን መቻል ይለምዳል። ኤሌክትሮዱ፣ ማለትም የመበየጃው ዘንግ፣ ብረቱን ከመንካቱ በፊት ዓይኑን መጨፈን ይለምዳል። ዓይኑ ግን በተመታ ቁጥር እንደ አዲስ ይቃጠላል።

የሚሆነው እንዲህ ነው። ኤሌክትሮዱ ብረቱን ነክቶ ሲነሳ የሚፈጠረው እሳት ሙቀቱ በብዙ ሺህ ዲግሪ የሚቆጠር ነው። ከእሱ የሚወጣው የምናየው ብርሃን ብቻ አይደለም። አልትራቫዮሌት የሚባል፣ ለዓይን የማይታይ ጨረርም አብሮ ይወጣል። ፀሐይም ይህ ጨረር አላት፤ ክፉ ክፉውን ግን ከላይ ያለው አየር ያስቀርልናል። ብየዳው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነው፤ መሃል ላይ የሚከልል ምንም ነገር የለም። ጨረሩ የዓይንን ብሌን ከፊት የሚሸፍነውን ጥርት ያለ ስስ ሽፋን ይመታዋል። ቆዳ ፀሐይ ሲበዛበት እንደሚላጠው፣ የዚህ ሽፋን የላይኛው ንብርብርም ሞቶ ይላጣል። ከሥር ያሉት ነርቮች ባዶአቸውን ይቀራሉ። «አሸዋ ገባ» የሚያሰኘው ይህ ነው። ዓይኑ ውስጥ አሸዋ የለም።

ማታ ደህና ሆኖ ሌሊት የጮኸበትም ምክንያት እዚሁ ላይ ነው። የተመታው ሽፋን ወዲያው አይላጥም። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከ6 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ ነው። ከሰዓት በኋላ የተመታ ሰው ራቱን በሰላም በልቶ ይተኛል፤ እንቅልፍ ሲወስደው ይነሳበታል። ሰውን የሚያታልለው ይህ መዘግየት ነው። ቀን ላይ ምንም ስላልተሰማው «ዛሬ ደህና ነኝ» ብሎ ይቀጥላል። ጉዳቱ ግን ያኔ ደርሶ አልቋል።

አሁን አንድ ነገር ላይ ልቆይ። በየብረታ ብረት ቤቱ ሳልፍ አንጀቴን የሚበላኝ ነገር ይህ ስለሆነ ነው። የሚበይደው ሰው ማስክ አለው፤ የሚይዝለት ልጅ የለውም። ልጁ «ዞር በል» ይባላል። ዞር ማለት አያድንም። በመጀመሪያ፣ መቼ እንደሚጀምሩ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። እሱ አያውቅም። ስለዚህ የመጀመሪያዋ ብልጭታ ሁልጊዜ እሱን ታገኘዋለች። ከዚያ ደግሞ ልጅ ነውና መስመሩ ቀጥ ማለቱን ለማየት ሰረቅ ያደርጋል። ባይሰርቅ እንኳ ብርሃኑ አዲስ ላሜራ ላይ፣ ነጭ ግድግዳ ላይ፣ ከጎን ባለው ቆርቆሮ ላይ ነጥሮ ያገኘዋል። እያንዳንዷ ብልጭታ ትንሽ ናት። ነገር ግን በአንድ ቀን ውስጥ የተቀበላቸው ሁሉ ይደመራሉ። አንድ የግቢ በር ላይ ስንት ነጥብ ብየዳ እንዳለ እርስዎ ያውቁታል። ልጁ ያንን ሁሉ ነው የተቀበለው። በዚያ ላይ አንገቱንና ክንዱንም ሳያቃጥለው አልቀረም፤ አይተውት እንደሆነ እንጃ።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ቤትዎ ውስጥ አንድ ደንብ ይኑር። ማስክ የሌለው ሰው ብየዳ አጠገብ አይቆምም። ማስኩ ሁለት እስኪሆን ድረስ ብረት በሰው አያስይዙ። ሞርሳ አለ፣ የብረት መቆንጠጫ አለ፣ ማዕዘን የሚይዝ ማግኔት አለ። እነዚህ አይደክሙም፣ አይንቀጠቀጡም፣ ዓይንም የላቸውም። አንዴ ከለመዷቸው ደግሞ ማዕዘኑ በልጅ እጅ ከተያዘው ይልቅ ልክ ይመጣል።

መንገደኛውንም አይርሱ። ቤቱ ስለሚጠብብ ሥራው ወደ ደጅ እንደሚወጣ አውቃለሁ። ከትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅ ቆሞ ማየት ይወዳል። ልጅ ያዘለች እናት ታልፋለች። ከሥራ የተረፈ ላሜራ አለዎት፤ ቁመቱ ከሰው ከፍ ያለ መከለያ ሠርተው መንገዱን ይከልሉ። በብየዳው በኩል ያለውን ፊቱን በማያብለጨልጭ ጠቆር ያለ ቀለም ይቀቡት። ወጪው ከምንም አይቆጠርም።

«ጥፋተኛ ነኝ?» ብለዋል። ሳላድበሰብስ ልንገርዎ። ልጁ እርስዎ ቤት ሲሠራ ለዓይኑ ኃላፊው እርስዎ ነዎት። አጎት ስለሆኑ ብቻ አይደለም፤ አሠሪም ነዎት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም፣ ቁጥር 1156/2011፣ መከላከያውን የማቅረብና አጠቃቀሙን የማስረዳት ግዴታ የጣለው በአሠሪው ላይ ነው። ይህን የምለው ልወቅስዎ አይደለም። ማስተካከል የሚችለው ሰው እርስዎ ስለሆኑ ነው። እህትዎ መቆጣት ብቻ ነው የምትችለው። ልጁ ደግሞ አጎቱን «ማስክ ስጠኝ» ለማለት ያፍራል።

እንዲህ ያለ ነገር እንደገና ቢያጋጥም ቤት ውስጥ ምን ይደረግ? እህትዎን በድንቹ አልወቅሳትም፤ እናት የምታውቀውን ታደርጋለች። ግን የተላጠ ዓይን የተከፈተ ቁስል ማለት ነው። ድንችም ሆነ ጤና አዳም፣ የላም ወተትም ሆነ የእናት ጡት ወተት ጀርም ይዞ ይገባል። የሚሻለው ቀላል ነው። ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ ይተኛ። ዓይኑን አይሸው። ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ነክረው በተጨፈነው ዓይን ላይ ያድርጉለት። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይውሰድ። በበነጋው ሐኪም ቢያየው ጥሩ ነው፤ እንዳይመረቅዝ ጠብታ ወይም ቅባት ሊያዝለት ይችላል። አብዛኛው በ24 እና በ48 ሰዓት መሃል ይድናል። ሁለት ቀን አልፎት ካልተሻለው፣ እይታው ከደበዘዘ ወይም ከዓይኑ መግል ከወጣ ሳይውል ሳያድር ይውሰዱት። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ራሱን የቻለ የዓይን ሕክምና ማዕከል አለው። ከሩቅ ወረዳ ሰው የሚመጣበት ቦታ ነው፤ እናንተ ቅርባችሁ ነው።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በበያጆች መሃል ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር «ወዲያው የሚያድን ጠብታ» አለ። አንድ ጠብታ ይገባና ሕመሙ በደቂቃ ውስጥ ጥፍት ይላል። ይህ ማደንዘዣ ነው። ሐኪም ለምርመራ አንዴ ይጠቀምበታል፤ ወደ ቤት ይዞ የሚኬድ መድኃኒት ግን አይደለም። ደጋግሞ የሚያደርገው ሰው ቁስሉ እንዳይድን ይከለክለዋል፤ ሽፋኑ እስኪበሳ ሊደርስ፣ ዓይኑንም ሊያሳጣው ይችላል። ብየዳው ራሱ ያላጠፋውን ዓይን ይህ ጠብታ ያጠፋዋል። ቤትዎ ውስጥ ካለ ይጣሉት።

ከግራይንደር፣ ብረት ከሚቆርጠውና ከሚሞርደው ማሽን፣ የተፈናጠረ ብረት ዓይን ውስጥ ከገባ ጉዳዩ ሌላ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ቀን አይጠበቅም። ጓደኛ በክብሪት እንጨት ወይም በነጠላ ጫፍ ላውጣ ይላል። እባክዎ ማንንም አያስነኩ። የተሰካ ብረት ዓይን ውስጥ ቶሎ ይዝጋል፤ ዝገቱም ዙሪያውን ቀለበት ሠርቶ ይቀራል። ያንን የሚያጸዳው የዓይን ሐኪም ብቻ ነው። ዓይኑ የተበሳ ከመሰለ አይጫኑት፣ አይጠቡት። የወረቀት ኩባያ ዓይኑን ሳይነካ ከላይ ደፍተው በፕላስተር ያስይዙና ወደ ሆስፒታል ይሩጡ።

አሁን ወደ ኪስዎ እንምጣ። ከየት ልጀምር ላሉት መልሴ ሁለተኛ ማስክ ነው። ዋናው ነገር ማስኩ ሳይሆን መስታወቱ ነው። መስታወቱ ላይ የጥቁረት ቁጥር ተጽፎ ማየት አለብዎ። እርስዎ ለሚሠሩት ሥራ፣ ማለትም በ2.5 ሚሊሜትር ኤሌክትሮድ ለሚበየድ ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ ብረት) እና ላሜራ፣ ቁጥር 10 ጥሩ ነው። በ3.2 ሲሠሩ 10 ወይም 11፣ በ4 ሚሊሜትር ወፍራም ብረት ሲበይዱ ደግሞ 11 ወይም 12 ይሁን። ቁጥር የሌለውን ጥቁር መስታወት አይግዙ። መጥቆሩ ጨረሩን መያዙን አያረጋግጥም። የፀሐይ መነጽር፣ ሁለት መነጽር ደራርቦ ማድረግ፣ የራጅ ፊልም ማጠፍ፣ እነዚህ ሁሉ ለብየዳ አይሆኑም። እንዲያውም ጥቁር ነገር የዓይንን ብሌን ስለሚከፍተው፣ ጨረሩን ካልያዘ ይበልጥ ያስገባዋል። ራሱ የሚጠቁረው ማስክ ቢገኝ ምቹ ነው፤ ውድም ነው። ተራው በእጅ የሚከደነው ማስክ፣ መስታወቱ ትክክለኛ ከሆነ፣ እኩል ያድናል። ከጥቁሩ ፊት የሚገባውን ነጭ መከላከያ መስታወት ብቻ ቶሎ ቶሎ ይቀይሩ። ፍንጣሪ የበዛበት መስታወት ስለማያሳይ ሰው ማስኩን ከፍቶ ሲበይድ ይገኛል።

ቀጥሎ ለግራይንደርና ብየዳው ላይ የሚቀረውን ቅርፊት ለማራገፍ የሚሆን ነጭ መከላከያ መነጽር ይግዙ፣ ለሁለታችሁም። ብየዳው እንዳለቀ ማስኩን ከፍ አድርጎ ቅርፊቱን በመዶሻ መምታት የሁሉም ልማድ ነው። ያ ቅርፊት ገና እንደጋለ ይፈናጠራል። መነጽሩ ከማስኩ ሥር ሁልጊዜ ፊት ላይ ቢውል ይህ ሁሉ ይቀራል። ስለ ግራይንደሩ አንዲት ነገር ብቻ ልጨምር። ክዳኑን አውልቆ በትንሹ ግራይንደር ላይ ትልቅ ዲስክ መግጠም የተለመደ ነው። ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ጊዜ ገደማ ይዞራል። ትልቁ ባለ 230 ሚሊሜትር ዲስክ የተሠራው ከ6,600 ብዙም ለማይበልጥ ዙር ነው። ሲበተን ስባሪው የሚሄደው ወደ ፊትና ወደ አንገት ነው። ክዳኑ ቦታው ላይ ይኑር።

ልብስን በተመለከተ፣ የጥጥ ቱታ እጀ ረጅም፣ የቆዳ ጓንትና የተዘጋ ጫማ ይበቃል። ናይለን ነገር ፍንጣሪ ሲያርፍበት ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ሸበጥ አድርጎ መበየድ ይቅር። የቆዳ ሽርጥ ቆዳ ሰፊ ጋ ሄደው ቢያሰፉ ይረክሳል።

እስከዚህ ያወራነው ስለሚያምመው ነገር ነው። የሚገድለውን ግን አልጠየቁኝም፤ ዝም ብል ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። የሚገድለው ኤሌክትሪኩ ነው።

መበየጃ ማሽኑ 220 ቮልት ተቀብሎ፣ ሳይበየድ በቆመበት ሰዓት ኤሌክትሮዱ የሚገባበት መያዣ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 80 ቮልት ያወጣል። «80 ቮልት ምን ያደርጋል?» የሚል አለ። ደረቅ እጅ ላይ ላይሰማ ይችላል። ላብ የጠጣ ጓንት፣ የረጠበ ልብስና እርጥብ መሬት ሲገናኙ ግን ልብ ያቆማል። የጎንደርን ክረምት ያውቁታል። ከሰኔ እስከ መስከረም ደጁ ጭቃ ነው፤ ጣሪያው ያንጠባጥባል። ዝናብ ሲዘንብ ደጅ ላይ አይበየድም። ሥራ ይቆማል፣ ደንበኛ ይጠብቃል። ቤት ውስጥም ቢሆን የሚቆሙበት ቦታ ላይ ደረቅ ጣውላ ያንጥፉ። ሁለት ጥንድ ጓንት ይኑር፤ አንዱ ሲረጥብ ሌላው ይደረግ። ኤሌክትሮድ በባዶ እጅ አይቀየርም። መያዣው በብብት ሥር አይታቀፍም። የተሰነጠቀ መያዣና የተላጠ ገመድ ካለ ናስትሮ ጠቅልለው አይለፉት፤ ይቀይሩት። «መሬት» የምንለውን መቆንጠጫ ደግሞ ከሚበየደው ብረት ጋር በቀጥታ፣ ቀለሙ በተፋቀ ቦታ ላይ ያስሩት። ከሩቅ በአጥር ወይም በቤቱ ብረት በኩል ማገናኘት መስመሩን የማንም ሰው አካል ላይ ሊያሳልፈው ይችላል።

ማሽንዎ እዚሁ አገር ውስጥ የተጠቀለለ ትራንስፎርመር ከሆነ፣ ብዙ ቤት የማየው እሱን ነውና፣ ይበልጥ ይጠንቀቁ። በ220ው ጥቅልና በመበየጃው ጥቅል መሃል ያለው መከላከያ በሙቀት ከተቃጠለ 220 ቮልት በቀጥታ መያዣው ላይ ይመጣል። ያኔ ጓንትም አይበቃም። ሙያ ያለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርተው ያስፈትሹት። ክፍቱን አይቀመጥ፤ የብረት ሳጥን ይኑረው፤ ሳጥኑም የመሬት ገመድ ይኑረው። ባዶ ገመድ ሶኬት ውስጥ በክብሪት እንጨት ወትፎ መሥራትን ዛሬውኑ ያቁሙ፤ የሚመጥን ስፒና ያስገጥሙ። ሰው በኤሌክትሪክ ሲያዝ ራሱን የሚያጠፋ ብሬከር ቢያስገቡም እሰየው። ነገር ግን እሱ የሚጠብቅዎት ከ220ው በኩል ነው። ከትራንስፎርመሩ ወዲህ ያለውን አያየውም፤ በእሱ ተማምነው እርጥብ ላይ አይቁሙ።

መብራት ሲጠፋ ምን ታደርጋላችሁ? አብዛኛው ሰው መያዣውን ብረቱ ላይ ጥሎ ሻይ ሊጠጣ ይወጣል። መብራቱ ሲመጣ ኤሌክትሮዱ ብረቱ ላይ ተኝቶ ይግላል፤ ማሽኑ ይቃጠላል፤ ወይም ልጁ ብረቱን ሲያነሳ ብልጭ ይልበታል። መብራት እንደጠፋ ማብሪያው ይጥፋ፣ ስፒናው ይነቀል፣ ኤሌክትሮዱ ከመያዣው ይውጣ። ግራይንደሩም እንዲሁ። ይህን ለልጁ የመጀመሪያ ትምህርት ያድርጉለት።

ሰው ከተያዘ ማንም በእጁ አይንካው። መጀመሪያ መብራቱ ይጥፋ። ማጥፊያው ሩቅ ከሆነ በደረቅ እንጨት ገመዱ ይገፋለት። ትንፋሽ ከሌለው ደረቱ መሃል ላይ በሁለት እጅ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ጠንከር አድርጎ እየተጫኑ እርዳታ ይጠራ። ተነስቶ «ደህና ነኝ» ቢልም ሆስፒታል ሄዶ የልቡ ምት ይታይለት።

ከኤሌክትሪኩ ቀጥሎ የምፈራው በርሜሉን ነው። «ይህችን በርሜል ቆርጠህ ምድጃ ሥራልኝ» የሚል ደንበኛ ይመጣል። ባጃጅ የሚነዳ ልጅ ደግሞ የሚያንጠባጥብ የነዳጅ ታንክ ይዞ ይመጣል። «ባዶ ነው፣ በኦሞ አጥቤዋለሁ» ይላል። ባዶው ከሙሉው ይብሳል። ሙሉው ውስጥ አየር የለም። ባዶው ውስጥ ግን የነዳጅ ትነትና አየር ተቀላቅለው ብልጭታ ይጠብቃሉ። በስፌቱ ውስጥ የቀረች ጠብታ ሙቀት ሲነካት ትተናለች። ናፍጣም ቢሆን ሲሞቅ ያው ነው። ቤንዚን፣ ናፍጣ፣ ቀለም፣ አልኮል ወይም ምን እንደነበረበት የማይታወቅ ነገር የያዘ ዕቃ አይበየድም፤ በግራይንደርም አይቆረጥም። ገንዘቡ ይቅር፣ ደንበኛውም ይቀየም። ሁለቱም ጫፉ የተዘጋ ቱቦላሬም ቢሆን ውስጡ ውሃ ካለ በእንፋሎት ሊፈነዳ ይችላል፤ ከመበየድዎ በፊት በመሰርሰሪያ ትንሽ ቀዳዳ ይክፈቱለት።

ጭሱንም ቸል አይበሉት። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2017 የብየዳን ጭስ ካንሰር አምጪ ከተባሉት ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ነጭ ዚንክ የተቀባ ቧንቧ ወይም ቆርቆሮ ሲበየድ ነጭ ጭስ ይወጣል። ያንን የሳበ ሰው ማታ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፣ አፉን ብረት ብረት ይለዋል። ወባ ነው ብሎ የሚታከም አለ። በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል፤ ደጋግሞ መሳብ ግን ለሳንባ ደግ አይደለም። ዚንኩንና አሮጌ ቀለሙን ከመስመሩ ግራና ቀኝ አስቀድመው በግራይንደር ያንሱት፤ ሲፍቁም አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ። በሩን ከፍተው፣ ንፋሱ ጭሱን ከፊትዎ እንዲወስድ በጎን ቆመው ይሥሩ። አናትዎን ጭሱ ላይ አይድፉ። ኤን 95 የሚባለው ማስክ ቢገኝ ይረዳል፤ ተራው የሕክምና ማስክ ግን ጭሱን አይዝም። ወተት መጠጣት ሳንባን ያጥባል የሚባለው እውነት አይደለም። ወተቱ ሆድ ነው የሚገባው። ለምግብነቱ ይጠጡት።

እሳትን በተመለከተ፣ ፍንጣሪ 10 ሜትር ድረስ ይሄዳል። ስፖንጁን፣ ካርቶኑን፣ ቀለምና ቤንዚኑን ከዚያ ያርቁ። አንድ ባልዲ አሸዋ አጠገብዎ ይኑር። ማታ ብየዳ እንዳቆሙ ወዲያው ቆልፈው አይሂዱ። ሰው ቤት ሄደው የጣሪያ ብረት ሲበይዱ በተለይ፣ ሥራው ካለቀ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይተው ይመልከቱ። እሳት ኮርኒስ ውስጥ ተደብቆ ይቆያል።

አሁን ስለ ልጁ። 17 ዓመቱ ነው ብለዋል። በአዋጁ መሠረት 15 ዓመት ሞልቶት 18 ያልሞላው ወጣት ሠራተኛ ይባላል። ጤናውን የሚጎዳ ሥራ ላይ አይመደብም። በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ደግሞ ጨርሶ ሥራ የለበትም። «መብራት ማታ ነው የመጣው» ብሎ ማምሸት ለእሱ አይሆንም። ስለዚህ የእኔ ምክር መያዣውን አሁን አያስጨብጡት ነው። ይመለስ፤ ግን ልኬት ይውሰድ፣ ንድፍ ያውጣ፣ ምልክት ያድርግ፣ የተበየደው ከቀዘቀዘ በኋላ በብሩሽ ቀለም ይቀባ፣ ደንበኛ ያነጋግር። ጥሩ በያጅን ከመካከለኛው የሚለየው ልኬት ነው፤ አሁን ቢይዘው ዕድሜውን ሙሉ ይጠቅመዋል። ብየዳ ሲጀመር ከመከለያው ውጭ ይሁን፤ ቤት ውስጥ ካለ ማስኩ ፊቱ ላይ ይሁን። ብየዳውን መማር ከፈለገ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ውስጥ በአሠልጣኝ ሥር ይማር። 18 ሞልቶት፣ ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ እርስዎ ጋ የሚተርፍ ሥራ አለ።

እህትዎ ጋ ሽማግሌ አይላኩ። ራስዎ ይሂዱ። ሲሄዱ ሁለተኛውን ማስክ ገዝተው ይሁን፤ አሳይዋት። ልጁን የዓይን ሐኪም እንዲያየውም ይዘውት ይሂዱ፤ ተሽሎታልና ምንም ላይገኝ ይችላል፤ እናቱ ግን ከሐኪም አፍ ስትሰማው እንቅልፍ ይወስዳታል። ከዚያ ልጁ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ፣ ስንት ሰዓት እንደሚገባና እንደሚወጣ ይንገሯት። «አይሆንም» ካለች ይቀበሏት። ልጁ 18 እስኪሞላው ድረስ የመጨረሻውን ቃል እሷ ትናገር። እርስዎም ከነገ ጠዋት ጀምሮ፣ ልጁ ኖረም አልኖረም፣ የራስዎን ማስክ ሳይከድኑ አንዲት ነጥብ እንኳ አይበይዱ።